ራውቲንጉን ለስዊቹ ቺፕ መስጠት፦ በሰብኔቶች መካከል ፈጣን መንገድ ለመዘርጋት የሚረዳ መመሪያ

አንድ ኔትወርክ በሰብኔቶች ሲከፋፈል ብዙ ነገር ይስተካከላል። ብሮድካስት ከክፍል ወደ ክፍል አያልፍም፤ የሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተሮች ከተማሪዎች ቤተ ሙከራ ይለያሉ፤ ብልሽት ሲያጋጥም የት እንደተፈጠረ ማወቅ ይቀላል። ይሁን እንጂ ክፍፍሉ በተጠናቀቀ ማግስት «ኔትወርኩ ዘገመ» የሚል አቤቱታ የሚቀርብበት ጊዜ ብዙ ነው። ከሰርቨር ፋይል ለመክፈት ደቂቃ ይፈጃል፤ የካሜራው ምስል ይቆራረጣል። ባለሙያው ክፍፍሉን ይጠረጥራል፤ ኃላፊው ደግሞ ኢንተርኔት አቅራቢውን። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱም አይደለም። ሰብኔቶቹን የሚያገናኘው መሣሪያ የሚደርሰውን ፓኬት ሁሉ በሶፍትዌር እያየ ስለሚያስተላልፍ ነው የሚዘገየው።

መፍትሔው ይህን ሥራ ለሌየር 3 ስዊች መስጠት ነው። ነገር ግን ስዊቹን መግዛትና ራውቲንግ ማብራት ብቻውን ፍጥነት አያመጣም። በስዊቹ ውስጥም ሁለት መንገድ አለ፦ አንዱ በቺፑ በኩል የሚያልፍ፣ ሌላው በሲፒዩው በኩል የሚዞር። ከእቅዱ እስከ ፍተሻው ያለው ሥራ ሁሉ ፓኬቱ ከቺፑ መንገድ እንዳይወጣ መጠበቅ ነው።

ይህን የምጽፈው ቪላን መፍጠር ለሚችሉ፣ በኮንሶል ገብተው ትእዛዝ መስጠት ለለመዱ ባለሙያዎች ነው። ለምሳሌ የምወስደው አራት ሕንፃ ያለው ኮሌጅ ነው፤ መሐል ላይ የተቀመጠው ስዊች ሲስኮ ካታሊስት 3750 ነው። ዕድሜው የገፋ ቢሆንም ባሕርዩ በደንብ የታወቀ ስለሆነ ለማስተማር ይመቻል። ትእዛዞቹን እንደ አነባበባቸው በፊደላችን አስቀምጫቸዋለሁ፤ ኪቦርድ ላይ ግን በእንግሊዝኛ ይጻፋሉ።

ፍጥነቱ ከየት ይመጣል?

ትንሹ የኢተርኔት ፍሬም 64 ባይት ነው። ከፊቱ የሚቀድመው የ8 ባይት ምልክትና በፍሬሞች መካከል የሚተወው የ12 ባይት ክፍተት ሲደመሩበት ኬብሉ ላይ የ84 ባይት ቦታ ይይዛል። ስለዚህ አንድ የ1 ጊጋቢት ፖርት በሰከንድ እስከ 1,488,095 ፍሬም ሊያስገባ ይችላል። ሃያ አራት እንዲህ ያሉ ፖርቶች ቢሞሉ በሰከንድ 35.7 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። ፖርቱ 10 ጊጋቢት ከሆነ ለአንድ ፍሬም የሚተርፈው ጊዜ 67 ናኖሰከንድ ብቻ ነው።

በዚህ ላይ አንድ የቅርንጫፍ ራውተር ያነጻጽሩበት። ሲስኮ 2811 በአምራቹ ሰነድ መሠረት በ64 ባይት ፓኬት 120 ሺህ ያህል በሰከንድ ያስተላልፋል፤ አብረውት የሚመጡት ሁለት ፖርቶችም 100 ሜጋቢት ናቸው። ይህ መሣሪያ ከኢንተርኔት ጋር ለማገናኘት በቂ ነበር። የኮሌጁን ሰርቨሮች ከመቶዎች ኮምፒውተሮች ጋር እንዲያገናኝ በአንድ ትራንክ ሲሰቀል ግን ሥራው ከአቅሙ በላይ ይሆናል። አርባ ካሜራዎች እያንዳንዳቸው 4 ሜጋቢት ቢልኩ 160 ሜጋቢት ይሆናል፤ ይህ ብቻ ፖርቱን ከነጭራሹ ያጥለቀልቀዋል።

ልዩነቱ ያለው በአሠራሩ ነው። ሲፒዩ የመሥሪያ ቤት ኃላፊን ይመስላል፤ የቀረበለትን ደብዳቤ ሁሉ አንብቦ ካልመራ አይወጣም። ቺፑ ግን እንደ መዝገብ ቤት ነው፤ የትኛው ደብዳቤ ወደ የትኛው ክፍል እንደሚሄድ አስቀድሞ ተጽፎ ስለተሰጠው ማንንም ሳይጠይቅ ያደርሳል።

በተግባር የሚሆነው እንዲህ ነው። ከተማሪዎች ቤተ ሙከራ የተነሣ ፓኬት ወደ ስዊቹ ሲገባ ቺፑ መጀመሪያ የመድረሻውን ማክ አድራሻ ያያል። አድራሻው የስዊቹ የራሱ ከሆነ ፓኬቱ ራውት ሊደረግ እንደሚገባ ይረዳል። ከዚያ የመድረሻውን አይፒ ቲካም በሚባለው ልዩ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ይፈልጋል። ቲካም መስመሮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያነጻጽራል፤ ከሚገጥሙት መካከል ረጅሙ ፕሪፊክስ ይመረጣል። ቀጥሎ ቺፑ የሁለቱንም ወገን ማክ አድራሻ ይለውጣል፤ የቲቲኤል ቁጥሩን በአንድ ይቀንሳል፤ ቼክሰሙን ያስተካክልና ያስወጣዋል። ሲፒዩው ይህ ሁሉ ሲሆን አያውቅም። የእሱ ድርሻ መንገዶቹን አስልቶ ሰንጠረዡን መሙላት ነው። ሲስኮ ይህን አሠራር ሴፍ ይለዋል፤ ሌሎች አምራቾች ሌላ ስም ይሰጡታል፤ መሠረቱ ግን አንድ ነው።

አንደኛ እርምጃ፦ የያዙትን ስዊች ይወቁ

ከሳጥኑ ላይ «ሌየር 3» የሚለውን ጽሑፍ አይተው አይመኑ። አራት ነገሮችን ከአምራቹ ሰነድ ያረጋግጡ፦ ራውቲንጉን የሚሠራው ቺፑ መሆኑን፣ ስንት መንገድና ስንት አስተናጋጅ አድራሻ ሊይዝ እንደሚችል፣ ፈቃዱ የትኞቹን የራውቲንግ ፕሮቶኮሎች እንደሚያካትት፣ የሌለው ነገር ምን እንደሆነ። የመጨረሻው በተለይ ይዘነጋል። ለምሳሌ ካታሊስት 3750 ናት አይሠራም። ስለዚህ ወደ ኢንተርኔት የሚወስደውን በር ራውተር ወይም ፋየርዎል ይዞት ይቀጥላል፤ ስዊቹ የሚረከበው የግቢውን የውስጥ ትራፊክ ነው።

በጀት ከሌለም ተስፋ አይቁረጡ። ካታሊስት 2960 በሌየር 2 ስዊችነቱ ቢታወቅም ላን ቤዝ ሶፍትዌሩ 12.2(55)ኤስኢ ወይም ከዚያ የበለጠ ከሆነ «ኤስዲኤም ፕሪፈር ላንቤዝ-ራውቲንግ» የሚለውን ትእዛዝ ሰጥተው እንደገና ሲያስነሡት በቪላኖች መካከል በሃርድዌር ራውት ያደርጋል፤ እስከ 16 ስታቲክ ራውትም ይቀበላል። ለአንድ አነስተኛ ቢሮ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

የማይክሮቲክ ሲአርኤስ3 ተከታታይ ስዊቾችም ከራውተርኦኤስ 7 ጀምሮ ይህን ይችላሉ። ነገር ግን በነባሪ ሁሉም ራውቲንግ በሲፒዩ ነው የሚሄደው፤ ሲፒዩውም ለዚህ ተብሎ የተሠራ አይደለም። የብሪጁን ቪላን ፊልተሪንግ አብርተው ቪላኖቹን አስተካክለው ከጨረሱ በኋላ የስዊቹን የሌየር 3 ሃርድዌር ኦፍሎዲንግ ያብሩ። የራውት ዝርዝሩ ላይ ከመንገዱ ፊት «ኤች» የምትል ፊደል ከታየች መንገዱ ወደ ቺፑ ገብቷል ማለት ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ በቺፑ የሚያልፍ ትራፊክ በሲፒዩ የሚሠራውን የፋየርዎል ሕግ አያገኘውም። ፋየርዎሉ ይጠብቀኛል ብለው ኦፍሎዲንግ ቢያበሩ በሩን ከፍተው እንደተኙ ይቆጠራል። ክልከላውን በስዊቹ ሕጎች ላይ መጻፍ አለብዎት።

ሁለተኛ እርምጃ፦ አድራሻውን በወረቀት ይጨርሱ

ስዊቹን ሳይነኩ የአድራሻ እቅዱን ጽፈው ይጨርሱ። ለኮሌጃችን ከግል አድራሻዎች 10.20.0.0/16ን እንውሰድ። የቪላን ቁጥሩና የአድራሻው ሦስተኛ ቁጥር አንድ ቢሆኑ ከዓመታት በኋላ የሚመጣውን ባለሙያ ብዙ ድካም ያድኑታል። አስተዳደርና ሒሳብ ቪላን 10፣ አድራሻው 10.20.10.0/24፤ መምህራን ቪላን 20፣ 10.20.20.0/24፤ ቤተ ሙከራ ቪላን 30፤ ካሜራ ቪላን 40፤ ሰርቨሮች ቪላን 50፤ በዚሁ አኳኋን ይቀጥላል። ዋይፋይ ብዙ ሰው ስለሚያስተናግድ 10.20.60.0/22 ይሰጠው፤ ይህ እስከ 10.20.63.255 ድረስ ስለሚዘልቅ ከ61 እስከ 63 ያሉትን ቁጥሮች ለሌላ አይስጡ። የስዊቾቹ ማስተዳደሪያ ቪላን 99 ይሁን።

ከስዊቹ ወደ ፋየርዎሉ የሚወስደው መስመር የራሱ ትንሽ ሰብኔት ያስፈልገዋል፦ 10.20.255.0/30። ስዊቹ 10.20.255.1፣ ፋየርዎሉ 10.20.255.2 ይይዛሉ። ይህን መስመር ከተጠቃሚዎች ቪላን ጋር አይደባልቁት፤ ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ ይታያል።

እዚህ ላይ አንድ ውሳኔ አለ፤ ከማንኛውም ትእዛዝ በላይ ፍጥነትን የሚወስን። እያንዳንዱ ትልቅ ትራፊክ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ያስቡ። የካሜራዎቹን ምስል የሚቀዳው መሣሪያ ሌላ ማንም የማይፈልገው ከሆነ በዚያው በቪላን 40 ውስጥ ያስቀምጡት፤ 160 ሜጋቢቱ ጭራሽ ራውት አይደረግም። በተቃራኒው የሒሳብ ክፍሉ ትራፊክ ጥቂት ነው፤ ጥበቃው ግን ጥብቅ መሆን አለበት። የዚያን ቪላን ጌትዌይ ስዊቹ ላይ ሳይሆን ፋየርዎሉ ላይ ማድረግ ይመረጣል ባይ ነኝ። ፋየርዎል ግንኙነቱን ከመነሻው እስከ መድረሻው ይከታተላል፤ ስዊች ግን ፓኬቱን በተናጠል ነው የሚያየው። ሁሉም ትራፊክ እኩል መፍጠን የለበትም።

ሦስተኛ እርምጃ፦ ጌትዌዮቹን ይፍጠሩ

በኮንሶል ኬብል ይግቡ። በርቀት ሆነው ይህን መሥራት አደገኛ የሚሆንበት ግልጽ ምክንያት አለ። ስዊቹ ሌየር 2 ሆኖ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጌትዌይ «አይፒ ዲፎልት-ጌትዌይ» በሚለው ትእዛዝ የተሰጠው ነው። «አይፒ ራውቲንግ» ብለው ራውቲንግ ባበሩበት ቅጽበት ያ መስመር ዋጋ ያጣል፤ ከሌላ ሰብኔት የገቡ ከሆነም ግንኙነትዎ ይቋረጣል። ስለዚህ በቅድሚያ ነባሪውን መንገድ ይጻፉ፦ «አይፒ ራውት 0.0.0.0 0.0.0.0 10.20.255.2»። ከዚያ ነው «አይፒ ራውቲንግ» የሚለው የሚመጣው።

ወደ ፋየርዎሉ የሚሄደውን ፖርት ከፍተው «ኖ ስዊችፖርት» ይበሉት። ይህ ፖርቱን ከቪላን ዓለም አውጥቶ እንደ ራውተር ፖርት ያደርገዋል፤ አድራሻውንም በቀጥታ ይቀበላል።

ቀጥሎ ቪላኖቹን ይፍጠሩ፤ ከዚያ ጌትዌዩ ስዊቹ ላይ ለሚሆን ለእያንዳንዱ ቪላን የቪላን ኢንተርፌስ ይክፈቱ፦ «ኢንተርፌስ ቪላን 20»፣ «አይፒ አድረስ 10.20.20.1 255.255.255.0»፣ «ኖ ሹትዳውን»። ኢንተርፌሱ ከተጻፈ በኋላም አልነሣ ካለ ሁለት ነገር ይመልከቱ። አንደኛ፣ ቪላኑ ራሱ በስዊቹ የቪላን ዝርዝር ውስጥ መፈጠሩን፤ ኢንተርፌስ መክፈት ቪላኑን አይፈጥረውም። ሁለተኛ፣ በዚያ ቪላን ውስጥ ቢያንስ አንድ ፖርት መነሣቱንና ስፓኒንግ ትሪ እንዲያስተላልፍ የፈቀደለት መሆኑን። ሕያው ፖርት የሌለው ቪላን ጌትዌዩም አይነሣም።

ወደየሕንፃው የሚሄዱትን ፖርቶች ትራንክ ያድርጉ። ትራንክ ላይ የሚሠራው 802.1ኪው የተባለው ስታንዳርድ ነው፤ በፍሬሙ ላይ 4 ባይት ይጨምራል፤ ለቪላን ቁጥር የተተወው 12 ቢት ስለሆነ መጠቀም የሚቻለው ከ1 እስከ 4094 ነው። በትራንኩ ላይ ለሕንፃው የሚያስፈልጉትን ቪላኖች ብቻ ይፍቀዱ። የቤተ መጻሕፍቱ ስዊች የሒሳብ ክፍሉን ብሮድካስት የሚቀበልበት ምክንያት የለም።

ዲኤችሲፒ ሰርቨሩ በቪላን 50 ውስጥ ከሆነ የሌሎቹ ቪላኖች ጥያቄ ብቻውን አይደርሰውም፤ ብሮድካስት ጌትዌይ አያልፍምና። በየቪላኑ ኢንተርፌስ ላይ «አይፒ ሄልፐር-አድረስ» ብለው የሰርቨሩን አድራሻ ይስጡ።

የሚቀረው የመልስ መንገድ ነው፤ ብዙ ሰው ግማሽ ቀን የሚያጠፋው እዚህ ነው። ስዊቹ ወደ ፋየርዎሉ የሚወስደውን ያውቃል፤ ፋየርዎሉ ግን 10.20.30.0 የት እንዳለ አያውቅም። የተማሪው ጥያቄ ይወጣል፤ መልሱ ግን አይመለስም። ፋየርዎሉ ላይ አንድ መስመር ብቻ ይጨምሩ፦ 10.20.0.0/16 በ10.20.255.1 በኩል። ሁሉም ሰብኔቶች ከአንድ ትልቅ አድራሻ የተቆረጡት ለዚህ ነው፤ አንዱ መስመር ለሁሉም ይበቃል። የናት ሕጉም ይህንኑ አድራሻ ማካተቱን ይመልከቱ። የሒሳብ ክፍሉን ጌትዌይ ፋየርዎሉ ላይ ካደረጉ 10.20.10.0/24 ለፋየርዎሉ ቀጥተኛ ግንኙነቱ ስለሆነና ፕሪፊክሱም ስለሚረዝም ከ/16ቱ መስመር ጋር አይጋጭም።

አራተኛ እርምጃ፦ ፓኬቱን ከሲፒዩ ያርቁ

እስካሁን የተሠራው ኔትወርኩን ያገናኛል። ፈጣን የሚያደርገው ይህ ክፍል ነው።

የቲካም ቦታ ውስን ነው፤ በማክ አድራሻዎች፣ በመንገዶችና በክልከላ ሕጎች መካከል ይከፋፈላል። 3750 ክፍፍሉን በቴምፕሌት ይወስናል። ነባሪው ቴምፕሌት ለ6 ሺህ ማክ አድራሻና ለ8 ሺህ መንገድ ቦታ ይሰጣል፤ ከመንገዶቹ 6 ሺሁ በቀጥታ ለተገናኙ አስተናጋጆች፣ 2 ሺሁ ለሩቅ መንገዶች ነው። «ኤስዲኤም ፕሪፈር ራውቲንግ» ሲባል ማክ ወደ 3 ሺህ ይወርዳል፤ መንገድ ወደ 11 ሺህ ያድጋል፤ ከእነዚህም 8 ሺሁ ለሩቅ መንገዶች ነው። ልብ ይበሉ፦ ይህ ቴምፕሌት በቀጥታ ለተገናኙት አስተናጋጆች የሚሰጠው 3 ሺህ ብቻ ነው። ኮሌጃችን ብዙ ተጠቃሚና ጥቂት መንገድ ስላለው ነባሪው ይሻለዋል፤ በስሙ ተታልለው አይለውጡት። ፈጽሞ የማያስፈልገው «ቪላን» የሚባለው ቴምፕሌት ነው። እሱ በሃርድዌር የሚሠራውን ራውቲንግ ያጠፋዋል፤ ራውቲንጉ ይቀጥላል፣ ግን በሲፒዩ። ኔትወርኩ የሚሠራ ይመስላል፣ በተጨናነቀ ሰዓት ግን ይንኮታኮታል። የአሁኑን ለማየት «ሾው ኤስዲኤም ፕሪፈር» ይበሉ። ቴምፕሌት የሚለወጠው ስዊቹ እንደገና ሲነሣ ብቻ ነው። አይፒቪ6 ካለዎት ሁለቱንም የሚያስተናግድ ቴምፕሌት ያስፈልጋል።

ሰንጠረዥ ሲሞላ ምን እንደሚሆን ዓለም በአንድ ቀን አይቶታል። ነሐሴ 2006፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 12 ቀን 2014፣ የኢንተርኔት መንገዶች ቁጥር 512 ሺህን ሲያልፍ ቲካማቸው በነባሪ ለዚያ መጠን ብቻ የተከፈለላቸው የቆዩ መሣሪያዎች ተንገዳገዱ፤ በብዙ ቦታ ኢንተርኔት ዘገየ፣ ተቋረጠም። አብዛኞቹ ክፍፍሉን ለውጦ እንደገና በማስነሣት የሚስተካከሉ ነበሩ። የእርስዎ ስዊች ያን ያህል መንገድ አይሸከምም፤ የሚወድቅበት ምክንያት ግን ያው ነው።

ሁለተኛው ጠላት የስታቲክ ራውት አጻጻፍ ነው። ነባሪውን መንገድ ሲጽፉ የቀጣዩን መሣሪያ አድራሻ ይስጡ እንጂ የቪላን ስም ብቻ አይስጡ። የቪላን ስም ከሰጡት ስዊቹ የኢንተርኔት አድራሻ ሁሉ በዚያ ቪላን ውስጥ ያለ ጎረቤት ይመስለዋል፤ ለእያንዳንዱ አድራሻ በኤአርፒ ይጠይቃል፤ ሰንጠረዡም በማይረቡ መስመሮች ይሞላል።

ሦስተኛው ሪዳይሬክት ነው። ስዊቹ ፓኬቱን በገባበት በዚያው ቪላን በኩል መልሶ ማስወጣት ሲኖርበት ለላኪው «አቋራጭ አለ» የሚል መልእክት ይልካል፤ ይህን መልእክት የሚጽፈው ሲፒዩው ነው። ፋየርዎሉን ከተጠቃሚዎች ቪላን ለይተን የራሱን መስመር የሰጠነው በዚህ ምክንያት ነው። ለጥንቃቄም በቪላን ኢንተርፌሶቹ ላይ «ኖ አይፒ ሪዳይሬክትስ» እና «ኖ አይፒ አንሪችብልስ» ይጻፉ።

አራተኛው የክልከላ ሕግ ነው። ቤተ ሙከራው ወደ ስዊቾቹ ማስተዳደሪያ ቪላን እንዳይደርስ መከልከል ተገቢ ነው፤ ቺፑም ይህን በሙሉ ፍጥነት ይፈጽማል። ነገር ግን ከሕጉ መጨረሻ «ሎግ» የምትለው ቃል ከተጨመረች የሚገጥማት ፓኬት ሁሉ እንድትመዘገብ ወደ ሲፒዩ ትላካለች። ለምርመራ ለጥቂት ደቂቃ ያብሯት፤ ከዚያ ያጥፏት። የፖርት ክልል የሚጠቅሱ ሕጎችም ቦታ ይበላሉና በተቻለ መጠን ያሳጥሯቸው። ሕጉ በቲካም ውስጥ ካልበቃ ትራፊኩ ወደ ሲፒዩ ይዞራል።

አምስተኛው ከተጠቃሚ የሚመጣ ነው። ስዊቹ ማክ አድራሻውን ወደማያውቀው አስተናጋጅ የተላከ የመጀመሪያ ፓኬት ኤአርፒ እንዲጠየቅበት ወደ ሲፒዩ ይሄዳል። በደህና ቀን ይህ ከቁጥር አይገባም። በቫይረስ የተያዘ አንድ ላፕቶፕ ግን የዋይፋዩን 1,022 አድራሻዎች ተራ በተራ መጎርጎር ሲጀምር ባዶዎቹ አድራሻዎች ሁሉ ሲፒዩውን ያንኳኩታል። ሰብኔትን ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ ማድረግ ጉዳት ያለው ስለዚህ ነው። ለነገ ይሆናል ተብሎ /16 የተሰጠው ዋይፋይ ስዊቹን ለነገ አያደርሰውም።

የጃምቦ ፍሬም ነገር አጭር ነው። ለሰርቨሮች 9,000 ባይት ከፈቀዱ፣ ራውት የሚደረገው መንገድ በሙሉ እኩል ካልሆነ ፓኬት መቆራረጥ ይመጣል ወይም ፓኬቱ ይጠፋል። ካልተገደዱ በስተቀር በ1,500 ይቆዩ።

አምስተኛ እርምጃ፦ የሕንፃዎቹን መስመር ያስፉ

መሐሉ ፈጣን ሆኖ ጠርዙ ከጠበበ ትርፉ ድካም ነው። ባለ 48 ፖርት ስዊች በአንድ የ1 ጊጋቢት ፋይበር ከመሐሉ ጋር ቢገናኝ 48 ሰው በአንድ ሰው መስመር ይሻማል። 10 ጊጋቢት ካልተገኘ ሁለት ወይም አራት ፋይበር በኤልኤሲፒ አንድ ላይ ይሰሩ።

ሲያስሩ ትራፊኩ በየትኛው መለያ እንደሚከፋፈል ይወስኑ። ወደ ሌላ ሰብኔት የሚሄድ ፍሬም ሁሉ የመድረሻ ማክ አድራሻው የጌትዌዩ ነው። ስለዚህ በመድረሻ ማክ ከከፋፈሉት ከሕንፃው የሚወጣው ሁሉ በአንዱ ፋይበር ላይ ይጫናል፤ ሌሎቹ ባዶ ይውላሉ። በላኪና በተቀባይ አይፒ እንዲከፋፈል ያድርጉ፦ «ፖርት-ቻነል ሎድ-ባላንስ ኤስአርሲ-ዲኤስቲ-አይፒ»። ያም ሆኖ አንድ የፋይል ቅጂ ከአንድ ፋይበር በላይ አይጠቀምም፤ የሚጨምረው የብዙ ሰዎች ድምር አቅም ነው።

መሐሉ ላይ ሁለት ስዊች ካለ

አንዱ ሲበላሽ ሌላው ጌትዌይነቱን እንዲረከብ ቪአርአርፒ ወይም ኤችኤስአርፒ ይጠቀሙ። ሁለት ነገር ብቻ ላሳስብ። የቪላኑ ንቁ ጌትዌይ የሆነው ስዊች የስፓኒንግ ትሪም ሥር እንዲሆን ፕራዮሪቲውን ከነባሪው 32768 ወደ 4096 ያውርዱ፤ አለዚያ ትራፊኩ በሌላው ስዊች ዞሮ ይመጣል።

ሁለተኛው ስውር ነው። ሲስኮ ላይ ኤአርፒ ለ4 ሰዓት ይቆያል፤ የማክ ሰንጠረዡ ግን በ5 ደቂቃ ይረሳል። ላኪው በአንደኛው ስዊች ወጥቶ መልሱ በሁለተኛው ከተመለሰ ሁለተኛው የላኪውን ፍሬም አያይም፤ ማኩን ይረሳል፤ ኤአርፒው ግን አለ። በዚህ ጊዜ መልሱን በቪላኑ ፖርቶች ሁሉ ላይ ይረጨዋል። ተጠቃሚው የሚያየው ምክንያቱ የማይታወቅ ዝግመት ነው። «ማክ አድረስ-ቴብል ኤጂንግ-ታይም 14400» ብለው ሁለቱን ጊዜዎች እኩል ያድርጓቸው።

ስድስተኛ እርምጃ፦ በቁጥር ይፈትሹ

ፒንግ ግንኙነት መኖሩን ይነግራል፤ ፍጥነትን ግን አይነግርም። በተለይ ስዊቹን ራሱን ፒንግ አድርገው መልሱ ሲዋዥቅ አይደንግጡ፤ ለፒንግ የሚመልሰው ሲፒዩው ነው፤ ለእሱም ይህ የመጨረሻ ሥራው ነው።

ሁለት የጊጋቢት ላፕቶፖች በተለያዩ ቪላኖች ላይ ይሰኩ። በአንዱ ላይ አይፐርፍ3ን ሰርቨር አድርገው ያስነሡ፤ ከሌላው ይላኩ። በ1,500 ባይት ጤናማ የቲሲፒ ውጤት 940 ሜጋቢት አካባቢ ነው። ቁጥሩን ካገኙ ግን ገና ግማሽ ነው የደረሱት። ፍተሻው እየሄደ ሳለ ስዊቹ ላይ «ሾው ፕሮሰስስ ሲፒዩ ሶርትድ» ይበሉ። ፍተሻው ሲጀመርና ሲቆም የሲፒዩው ቁጥር ካልተንቀሳቀሰ ራውቲንጉ በቺፑ ነው። ከትራፊኩ ጋር አብሮ ከወጣና ከወረደ አንድ ነገር ወደ ሲፒዩ እየዞረ ነው፤ ወደ አራተኛው እርምጃ ተመልሰው ምክንያቱን ይፈልጉ። በዩዲፒ ትንንሽ ፓኬቶችም ይድገሙት፤ ድክመት የሚጋለጠው በትንንሾቹ ነው።

«ሾው ፕላትፎርም ቲካም ዩቲላይዜሽን» ከተፈቀደው ቦታ ምን ያህሉ እንደተያዘ ያሳያል። «ሾው አይፒ ሴፍ» ደግሞ ወደ አንድ አድራሻ የሚወስደው መንገድ በማን በኩል እንደሆነ። የቪላን ኢንተርፌሱ የፓኬት ቆጣሪ ግን ያሳስታል፤ በዚህ ስዊች ላይ በቺፑ ያለፈውን አይቆጥርም። ዝቅተኛ ቁጥር አይተው ትራፊክ የለም አይበሉ፤ የፖርቶቹን ቆጣሪ ይመልከቱ።

ሁሉም ከሠራ ወዲያውኑ «ኮፒ ራኒንግ-ኮንፊግ ስታርትአፕ-ኮንፊግ» ብለው ያስቀምጡ። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ያልተቀመጠ ሥራ እስከሚቀጥለው መጥፋት ድረስ ብቻ ነው ዕድሜው፤ ያ ሲሆን ደግሞ የሚጠፋው የአንድ ሰው ኮምፒውተር ሳይሆን የግቢው ጌትዌይ ሁሉ ነው። ለመሐለኛው ስዊች ዩፒኤስ ይመድቡለት፤ የኮንፊገሬሽኑንም ቅጂ ከስዊቹ ውጭ ያኑሩ። በፍተሻው ያገኙትን የአይፐርፍ፣ የሲፒዩና የቲካም ቁጥር ከቀኑ ጋር ጽፈው አብረው ያስቀምጡት። ወደፊት «ኔትወርኩ ዘገመ» የሚል አቤቱታ ሲመጣ የአዲስ ራውተር ግዢ ጥያቄ ከመጻፍዎ በፊት እነዚህን ሦስት ቁጥሮች እንደገና ይለኩና ያነጻጽሯቸው።